ሐኪሞቹ ሲሄዱ ማን ቀረ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጤና ተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በትንሹ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። አቦ ኑ ተቀመጡ!

የተጋበዝኩት ስለ ባፕቲስት ሚሲዮናውያን ሐኪሞች እንዳወራ ነው። አገራቸውን ጥለው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በሰው አገር ሆስፒታል ስለከፈቱ ሰዎች። እኔ ነርስ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ በሐረርጌ ቆላና ደጋ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳድል ኖሬያለሁ። ስለነዚህ ሐኪሞች ማንበብ የጀመርኩትም በሥራዬ ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ደግሞ የድሬ ልጅ ነኝና ሁሉንም አንተና አንቺ እያልኩ ነው የማወራው። ክብር ጎድሎ አይደለም፣ አፋችን እንዲህ ስለሆነ ነው።

ከቅርባችን ልጀምር። ከየመን።

ድሬ ውስጥ የመንን የማያውቅ ማን አለ? እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አያታቸው በጀልባ ከየመን የመጡ እንዳሉ አውቃለሁ። በየመን ደጋ፣ ኢብ አጠገብ፣ ጅብላ የምትባል ከተማ አለች። ድሮ ንግሥት አርዋ የገዛችባት ናት። ተራራው በእርከን የተሠራ ነው። የድንጋይ ቤት፣ ጫት፣ ቡና። ፎቶዋን ስታዩ የሐረርጌ ደጋ ይመስላችኋል። እዚያ የአሜሪካ ባፕቲስቶች በ1960ዎቹ መጨረሻ ሆስፒታል ከፈቱ። 80 አልጋ ገደማ ነበረው።

ማርታ ማየርስ እዚያ የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ነበረች። የአላባማ ልጅ ናት። ገና የሕክምና ተማሪ ሳለች፣ በ1971፣ ለአጭር ጊዜ መጥታ አየችው። ተመርቃ ተመለሰች። ከዚያ ወደ 25 ዓመት ገደማ እዚያው ኖረች። ትዳርሽ፣ ልጅሽ፣ ቤትሽ የሚላት ዘመድ ሁሉ ባሕር ማዶ ነው ያለው። እሷ ግን ላንድክሩዘሯን አስነስታ ያንን ገደል ትወጣለች፤ ሕፃናት ትከትባለች፤ በየመንደሩ ታማሚ ታያለች። አዋላጅ የሆናችሁ ይገባችኋል። ለወንድ ሐኪም ገላዋን ማሳየት በማትችል ሴት አገር ሴት የማህፀን ሐኪም መኖሯ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደም እየፈሰሳት ደጃፍ ላይ የምትቀር እናት አለች። ያቺን እናት የሚያድናት በሩን ማን እንደሚከፍትላት ነው።

ቢል ኮኽን የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ነበር። ሐኪም አይደለም። ጀነሬተር፣ ደሞዝ፣ ፈቃድ፣ ውኃ፣ የእሱ ሥራ ይሄ ነበር። ሰዓት ሲያገኝ ለልጆች የእንጨት መጫወቻ ይሠራል። ካትሊን ጋሪቲ ደግሞ ግዢ ላይ ነበረች። ሆስፒታል የሠራ ሰው ያውቃል፤ ጓንትና ግሉኮስ በሰዓቱ ካልገባ ሐኪሙ ባዶ እጁን ነው።

በ2002፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 30 ቀን ጠዋት፣ አንድ ሰው ወደ ሆስፒታሉ ገባ። ኮቱ ውስጥ ሕፃን ያቀፈ መስሎ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ሦስቱንም ገደላቸው። አንድ ፋርማሲስት ቆስሎ ተረፈ። ያን ሰሞን ሆስፒታሉን ለየመኖች ለማስረከብ ዝግጅት ላይ ነበሩ። ኮኽን ጡረታ ሊወጣ ወራት ነበር የቀሩት።

ማርታና ቢል የተቀበሩት እዚያው ጅብላ ነው፤ ሆስፒታሉ ባለበት ኮረብታ ላይ። የአካባቢው ሰው ወጥቶ አለቀሰ። ይሄን የምነግራችሁ አንዱ የገደለበትንና ብዙዎች ያለቀሱበትን አገር በአንዱ ገዳይ እንዳትመዝኑት ነው። ያለቀሱት እነማን ናቸው? ማርታ ያዋለደቻቸው እናቶች ናቸው። ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልውሰዳችሁ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ አንብቤያለሁ። የሦስቱም ስም በየጽሑፉ አለ፣ መኖሩም ተገቢ ነው። ግን አብረዋቸው ሲሠሩ ስለኖሩት የየመን ነርሶች የተጻፈ ስፈልግ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ለታማሚው መርፌ ማን ወጋ? ፋሻውን ማን ቀየረ? እናንተ ተማሪዎች፣ ይሄን ጥያቄ ያዙልኝ። ዛሬ የማወራው ሁሉ ስለዚህ ነው።

ባፕቲስት ማለት፣ ለማያውቅ፣ አምኖ ለመጣ ሰው ብቻ፣ ያውም ውኃ ውስጥ አስገብተው የሚያጠምቁ ክርስቲያኖች ማለት ነው። እንግሊዞቹ በ1792 የሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱ ሁለት ሰው ወደ ቤንጋል፣ ሕንድ ላኩ። አንዱ ዊሊያም ኬሪ ነው፤ ጫማ ሰፊ የነበረ፣ በኋላ በቋንቋ ሥራው ስሙ የገነነ። ሁለተኛው ጆን ቶማስ፣ ሐኪም። ስለ ኬሪ ሁሉም ያወራል። ቶማስ ግን ጎደሎ የበዛበት ሰው ነበር። ብድር አያልቅበትም፤ ገንዘብ እጁ ላይ አይቆምም። አብረውት የሠሩትን ብዙ አስቸግሯል። ግን እጁ የሐኪም እጅ ነበር።

በ1800 ክሪሽና ፓል የሚባል አናጺ ትከሻው ወለቀ። ቶማስን ጠሩት። አናጺውን ከዛፍ ጋር አስረው፣ ክንዱን ስቦ ትከሻውን ቦታው መለሰለት። ሐረርጌ ውስጥ ይሄን ወጌሻ ነው የሚሠራው፤ ጩኸቱንም ታውቁታላችሁ። ክሪሽና ፓል ከሕመሙ በኋላ ከእነሱ ጋር መነጋገር ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ተጠማቂ ሆነ። ቶማስ ለዓመታት የጠበቀው ነገር ሲደርስ ደስታው አእምሮውን ነሳው። ታሞ ተያዘ። በዓመቱ ሞተ። ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ሰው ያሳዝነኛል። ቤንጋል ውስጥ ስንት ዓመት ተንከራቶ፣ ፍሬውን ለማየት ጥቂት ወር ብቻ።

አሁን የእኔ ጉዳይ ወዳለበት እንሂድ። ኮንጎ።

ከዛሬዋ ኪሳንጋኒ ብዙ ሳይርቅ፣ ወንዙ ዳር፣ ያኩሱ የሚባል ቦታ አለ። በ1920 ክሌመንት ቼስተርማን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያ ደረሰ። ያኔ በዚያ አገር ሰውን የሚፈጀው የእንቅልፍ በሽታ ነበር። የምታመጣው ጼጼ የምትባለው ዝንብ ናት። የእኛ ገበሬ ዘመዷን ያውቃታል፤ ቆላ ላይ ከብቱን በገንዲ የምትጨርሰው ዝንብ። በሰው ላይ ስትሆን መጀመሪያ ትኩሳት ነው። አንገት ላይ እጢ ያብጣል። ቆይቶ ጀርሙ አንጎል ይገባል። ሰውየው ቀን ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይባዝናል፣ ይቀጥናል፣ ይሞታል።

ያኔ ትራይፓርሳማይድ የሚባል አዲስ መድኃኒት ወጥቶ ነበር። የአርሴኒክ ዘር ነው። ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ክትትል ይፈልጋል። አንጎል ለደረሰው በሽታ ግን ከቀድሞው የተሻለ ነበር። እና አስቡት፦ አንድ ሐኪም፣ በጫካና በወንዝ የተበተነ ሕዝብ፣ በየሳምንቱ መወጋት ያለበት መርፌ። አንድ ሰው ለብቻው ቢሮጥ የት ይደርሳል?

ቼስተርማን ያደረገው ነገር ነው ልቤን የነካው። የአካባቢውን ወጣቶች አስተማረ። ማይክሮስኮፕ ማየት፣ እጢ በመርፌ ቀድቶ መመርመር፣ መርፌ መውጋት፣ መዝገብ መያዝ። ከዚያ ወደየመንደሩ ላካቸው። ሆስፒታሉ ወንዙ ዳር ነው፤ ሕክምናው ግን መንደር ለመንደር በእነዚያ ልጆች እጅ ይሄድ ነበር። በሽታው በዚያ አካባቢ ወገቡን ተመታ። እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ምናምን ብለን ከምናውቀው ነገር በብዙ ዓመት ይቀድማል።

በ1936 ሌላ ሐኪም ተተካ። ስታንሊ ብራውን። ኮንጎዎቹ ቦንጋንጋ ይሉታል፤ በእነሱ ቋንቋ ሐኪም ማለት ነው። እሱ ደግሞ አገሩን ሲዞር በየመንደሩ የሥጋ ደዌ አገኘ። ያኔ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው የቻውልሙግራ ዘይት ነበር፤ መርፌው ያማል፣ ውጤቱ ትንሽ። በ1950ዎቹ ዳፕሶን የሚባል መድኃኒት እጁ ሲገባ ብራውን ለሺዎች አደለ። በ1959 ወደ ናይጄሪያ፣ ኡዙአኮሊ ወደሚባል የሥጋ ደዌ ማዕከል ሄደ። እዚያ በእጁ የገባው አንድ ኬሚካል ነበር። ደብሊን ውስጥ ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ የተሠራ፣ ያኔ ግን ለዚያ አልረባም የተባለ። ለሥጋ ደዌ ሞከረው። በ1962 ውጤቱን አሳወቀ። ይሠራል!

መድኃኒቱ ክሎፋዚሚን ነው።

እዚህ ከተቀመጡት ጡረተኞች ፈገግ ያሉ አየሁ። አዎ፣ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ይሰጥ ሲል ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ናቸው። እኔ ወጣት ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር የማድለው እሱን ነበር። ያቺ ቀይ ቡናማ እንክብል። ቆዳ ታጠቁራለች። ከጥቂት ወር በኋላ ታማሚው ይመጣል፦ «ሲስተር፣ ጠቆርኩ እኮ! ጎረቤት ያውቅብኛል።» መድኃኒቱ ሲያልቅ ቀስ እያለ እንደሚመለስ አስረዳለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ ለሰው ዓይን ብሎ ያቋርጣል። የዚያች እንክብል ነገር ሲያንገበግበኝ ነው አንድ ቀን፣ ይሄን ማን አገኘው ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ብራውንን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከብራውን ወደ ያኩሱ፣ ከያኩሱ ወደ ሌሎቹ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ። መድኃኒት የምናድልበት ቀን ነበር። ጣቶቹ የተቆረጡ አንድ አባት ቀረቡ። እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ፈራሁ። የተማርኩት ሌላ ነው፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ። ግን ፈራሁ። እንክብሎቹን ከላይ ጣልኩላቸው። ሳልነካ። አንዷ መሬት ወደቀች። ሰውየው ጎንበስ አሉ። በዚያ እጅ እንክብል ከሲሚንቶ ላይ ማንሳት አይቻልም። ሞከሩ። ደግመው ሞከሩ።

አብረውኝ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር፣ ማለት ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ የጤና ሠራተኛ፣ ይሠሩ ነበር። ለእሳቸው አንቱ እላለሁ፤ እሳቸውን አንተ የሚል ድሬ ውስጥም የለም። ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው እንክብሏን አነሱ። አስወግደው ሌላ አወጡ። የታማሚውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እንክብሏን መዳፉ ላይ አስቀምጠው፣ የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፉለት። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ስለ በቆሎው ጠየቁት። እጁን ሳይለቁ። ሰውየው ከሄደ በኋላ እኔን ዞር ብለው አዩኝ። «ስሚ ልጄ» አሉኝ። «እጁን ሳትነኪ መድኃኒት ሰጠሁ አትበይ።»

ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። ልጅ ሳሉ የውጭ ሐኪሞች ጋ እንደሠሩ ነገሩኝ። መጀመሪያ የጽዳት ሥራ። ቀጥሎ መርፌ መቀቀል፤ ያኔ ሲሪንጁ የብርጭቆ ነው፣ ቡታጋዝ ላይ ይቀቀላል። ቀጥሎ ቁስል ማጠብ። ቀጥሎ ማንበብ። ሐኪሙ የታማሚ እግር ተንበርክኮ ሲያጥብ አይተው ነው የተማሩት። የሐኪሙን ስም ሲነግሩኝ አጠራሩ በእኛ አፍ ተለውጦ ስለነበር እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላገኘሁትም። ድሬሰሩ ግን የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የት እንደተቀበሩ አውቃለሁ።

ስለ ሥጋ ደዌ ካነሳን የእኛን አካባቢ ውለታ አልረሳም። ሐረር አጠገብ ያለውን የቢሲዲሞን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ባፕቲስቶች አልከፈቱትም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ የተቋቋመ ነው። ከእሱ በፊት ሐረር ላይ ካቶሊኮቹ ካፑቺኖች በሽተኞቹን ይንከባከቡ ነበር። ሥራው የአንድ እምነት ብቻ አልነበረም።

ሌሎቹን ሐኪሞች ቶሎ ልጨርስ፣ ምሽቱ እየመጣ ነው። ጎርደን ሲግሬቭ በርማ፣ ናምካም ላይ በ1922 ሥራ ሲጀምር የያዘው አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል የጣለውን አሮጌ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ነበር። ካቺን፣ ካረንና ሻን ከሚባሉ ሕዝቦች ልጃገረዶችን ነርስነት አስተማረ። በ1942 ጃፓኖች ሲገቡ እነዚያ ነርሶች ከአሜሪካኖቹ ወታደሮች ጋር በእግር ጫካና ተራራ አቋርጠው ሕንድ ገቡ፤ መንገድ ላይ ቁስለኛ እያከሙ። ቢል ዋላስ ደግሞ ቻይና፣ ዉዡ ላይ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1944 ጦርነቱ ሲቀርብ ሆስፒታሉን ሰዉንም ዕቃውንም በጀልባ ጭኖ ወንዙን ሽቅብ ወጣ። ኮሙኒስቶቹ ሲመጡ ልሂድ አላለም። በ1950 መጨረሻ ሰላይ ነህ ተብሎ ታሰረ። በ1951 ፌብሩዋሪ እስር ቤት ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር።

አሁን አንድ ወጣት በጽሑፍ የላከልኝን ጥያቄ ላንሳ። «ሲያክሙ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም ነበር ወይ?» ይላል። ይሰብኩ ነበር። የሄዱትም ለዚያ ጭምር ነው፤ እነሱም አልደበቁትም። የእኔን ሐሳብ ልናገር። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ሕመሙ አፉን ይይዘዋል። መድኃኒት የያዘ እጅ ሲሰብክ ታማሚው በነጻነት ይሰማል ብዬ አላምንም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የሠሩት ቅኝ ገዢዎች ባሉበት አገር ነው። ኮንጎ ውስጥ ቤልጂጎች የሠሩትን ታውቃላችሁ። ይሄ ሁሉ መነገር አለበት። ጅብላ ላይ ግን ሙስሊሙን መስበክ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። ማርታ 25 ዓመት የሠራችው እጇን ብቻ ይዛ ነው። እኔ ለማንኛውም ሐኪም፣ ለእኛም ጭምር፣ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፦ እምነቱ ካንተ የተለየው ሰው ሌሊት በርህን ቢያንኳኳ እኩል ትነሳለህ? እነዚህ ሰዎች ይነሱ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ሲሄዱ ማን ቀረ?

ናይጄሪያ፣ ኦግቦሞሾ ላይ ጆርጅ ግሪን የሚባል ሐኪም በ1907 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ያ ሆስፒታል የናይጄሪያ ባፕቲስቶች የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ባንጋሎር፣ ሕንድ ውስጥ በ1973 ሆስፒታል ተከፈተ። ሪቤካ ኔይለር የምትባል ቀዶ ሐኪም በዓመቱ መጣች፤ ብዙ ዓመት ሠራች። ከ1989 ጀምሮ አስተዳደሩን ሕንዶቹ፣ የቬሎር ክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ሰዎች ያዙት። ዛሬም ቆሟል። ፈረንጁ ሲወጣ በሩ ያልተዘጋው መርፌውን የሚይዝ የአገር ሰው አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ሚሲዮን ይሄ ዘግይቶ ነው የገባው። ሐኪሙ ሁሉን ነገር ለብቻው ይዞ ኖሮ፣ ሲታመም ወይም ሲባረር፣ ሥራው አብሮት ሄደ።

የእኛም አገር ይሄን አይቷል። እንደ ባፕቲስቶች አምኖ የመጣን ሰው ብቻ የሚያጠምቁት ሜኖናይቶች በ1946 ናዝሬት ላይ የኃይለ ማርያም ማሞን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል የምንለውን። እዚያ ድሬሰር ያሠለጥኑ ነበር። እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ ደደር ላይም ትምህርት ቤትና ሕክምና ነበራቸው። ከናዝሬት የወጡ ድሬሰሮች የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው ሐኪም ረግጦት የማያውቅ ቦታ ላይ ሕዝብ አከሙ። እዚህ ያላችሁ ትልልቆች፣ ልጅ ሆናችሁ ወባ ሲይዛችሁ ማን ወጋችሁ? ዶክተር ነው? ድሬሰር ነው። ሰፈር ውስጥ «ዶክተር» የምንለው ድሬሰሩን ነበር።

የውጭዎቹ ሐኪሞች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ለቤተሰብ፣ ለላካቸው ማኅበር። ስለዚህ ታሪካቸው ተረፈ። ድሬሰሮቻችን ለማን ይጻፉ? የላካቸው የለም። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ነው የሠሩት። መዝገብ ላይ የጻፉት የታማሚውን ስም ነው፤ የራሳቸውን አይደለም። አንድ አንዱ አሁንም በሕይወት አለ። 80፣ 90 ዓመት ሆኗቸዋል። በየሳምንቱ ለቅሶ ስንደርስ ከመካከላቸው አንዱ ይሆናል።

ስለዚህ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ደብተር አስቀምጫለሁ። አባታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ድሬሰር ወይም የድሮ ነርስ ከነበሩ ስማቸውን ጻፉልኝ። የት እንደተማሩ፣ የት እንደሠሩ፣ ማን እንዳስተማራቸው። የማታውቁትን ክፍት ተዉት፣ እኛ እንጠይቃለን። ፎቶ ያለው ፎቶውን ያምጣ፤ በስልክ አንስተን ወዲያው እንመልሳለን። ተማሪዎቹ፣ እናንተ ደግሞ እጃችሁን አውጡ፤ በሕይወት ያሉትን ቤታቸው ሄዳችሁ የምታነጋግሩልኝ 10 ልጅ እፈልጋለሁ። ኦሮምኛና ሶማልኛ የምትችሉ ቅድሚያ አላችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዚያን የጤና ጣቢያ ሽማግሌ ስም እኔ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ቀጥሉ።